ያልታጠነው የወተት ዕቃ

ሰው ተመራማሪ የሚሆነው በልጅነቱ አንድ ነገር ሲገርመው ነው። ከሆነ በኋላ ግን የሚገርመው የዕድገት መስፈርቱ ብቻ ነው።

እኔን የገረመኝ የግመል ወተት ነበር። አባቴ ከኢትዮጵያ ተሻግሮ ኬንያ ሞያሌ የሚነግድ ሰው ስለነበር ያደግሁት እዚያው ሄሉ በሚባል ሰፈር፣ ከጎረቤታችን ከወይዘሮ ጥዬ፣ በአገሩ አጠራር ከአደ ጥዬ ግቢ አጠገብ ነው። አደ ጥዬ ዕቃውን በእንጨት ጭስ አጥነው የሚያስቀምጡት ወተት በዚያ ሙቀት እንኳ ቶሎ አይበላሽም። ለምን እያልኩ ስነዘንዛቸው «ተማርና አንተ ንገረኝ» ይሉኝ ነበር። ያ ጭስ ጭስ የሚል ወተት ዛሬም ይናፍቀኛል፤ ያ ጠያቂ ልጅም እንዲሁ።

ተማርኩ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን ጽሑፍ ያላሳተመ መምህር ዕድገት አያገኝም፤ ቶሎ የሚያልቅ ርዕስ ሳሳድድ ሸበትኩ። ዘንድሮ አለቃዬ «ወሩ ሳያልቅ አንድ ጽሑፍ ካላስገባህ ዕድገቱን እርሳው» ሲሉኝ የአደ ጥዬ ወተት ትዝ አለኝ። አለቃዬ ሐሳቡን ወደዱት፤ እንዲያውም ስማቸው ከስሜ ቀድሞ እንዲጻፍ ፈቀዱልኝ። ቸርነት ማለት ይህ አይደል?

ሞያሌ ወረድኩ። ሥራው ቀላል ነው፤ አንዱን ወተት በታጠነ፣ ሌላውን ባልታጠነ ዕቃ አስቀምጦ የቱ ቀድሞ እንደሚበላሽ ማየት። ሁለቱንም አደ ጥዬ ጓዳ አስቀምጬ ወጣሁ። በማግስቱ ስመለስ ሁለቱም ደህና ናቸው። የዓለም ሳይንስ ተናጋ ብዬ ልዘል ስል አደ ጥዬ አረጋጉኝ። ለካ እኔ እግሬ ከመውጣቱ ያልታጠነውን ዕቃ ወተት ገልብጠው፣ ዕቃውን አጥነው መልሰውበታል! «አይቡ!» አሉኝ፤ ነውር ማለታቸው ነው። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ጎረቤት አይቶ የጥዬ ዕቃ አይታጠንም ቢልስ?»

ለአለቃዬ ደወልኩ። እሳቸው ምን ገዷቸው፤ «መበላሸቱ የታወቀ ነው፣ ተበላሸ ብለህ ጻፈው» አሉኝ። እውነቱን ልናገርና፣ እጄ ወደ ኮምፒውተሩ ሄዶ ነበር። ይሄኔ አደ ጥዬ አጠገቤ ቁጭ ብለው «እና፣ ለምን እንደማይበላሽ አወቅህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ለካ እስከ ዛሬ መልሴን ይጠብቁ ኖሯል። አንጀቴን በሉት። «ገና ነኝ» ብዬ ኮምፒውተሩን ዘጋሁና ሥራውን እንደ አዲስ ልጀምር ተነሳሁ።

ያልታጠነ ዕቃ ጓዳቸው እንዲገባ ግን ብለምን ብማጸን እምቢ አሉ። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማማን፤ የማን ጉድ እንደሆነ ያየ ሁሉ እንዲያውቅ ዕቃው ላይ ስሜ በትልቁ ይጻፍ። ጻፍኩ።

ወተቱም ኮመጠጠ፣ ወሩም አለቀ፣ ዕድገቱም ቀረ። ዘንድሮ ስሜ የሰፈረበት ሥራ ቢኖር ያ ወተት ብቻ ነው፤ እሱም ላይ የአለቃዬን ስም ማስቀደም ረሳሁ።