ከየት ያመጣሽው ቁጥር ነው?

በስብሰባ ላይ «ጥያቄ አለኝ» ብሎ እጁን የሚያወጣ ሰው ሁሉ መልስ የሚፈልግ ይመስላችኋል? የዋህ ናችሁ። አብዛኛው የሚፈልገው መታየት ነው። ይህን የምለው ማንንም ለማማት አይደለም፤ ከራሴ የቀረበ ምስክር ስለሌለኝ ነው።

ሽበት ጣል ጣል ካደረገብኝ በኋላ ለሦስተኛ ዲግሪ የተመዘገብኩ ሰው ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጥቂት ተመራማሪ ተማሪዎች ጋር ሲግናል ሰፈር አንዲት ካፌ ውስጥ ተሰብስበን፣ አንዳችን የሌላችንን ሥራ እንሰማለን፣ እንተቻለን። የካፌው ባለቤት ኳስ እስኪጀምር ትልቁን ቴሌቪዥን ይለቅልናል። ስለዚህ ከኋላችን ቀድመው ቦታ የያዙ የኳስ አፍቃሪዎች አይጠፉም፤ ሳይንስን በግዳቸው ይከታተላሉ።

የዚያን ቀን አቅራቢዋ ማርታ ነበረች። ከወሰን ሰፈር የምትመጣ፣ ድምጿ ዝቅ ያለ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት፤ የእንጦጦ ምንጮች ለምን እንደሚደርቁ ታጠናለች። ፈታኞቿ ፊት የምትቀርብበት ቀን ተቃርቧል። በባሕር ዛፍ ሥር ያለው አፈር ዝናብን ምን ያህል ቶሎ እንደሚመጥ የሚያሳይ ቁጥር ስታወጣ፣ እስካሁን ስነካካው የቆየሁትን ስልኬን አስቀመጥኩና ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

ቁጥሩ ፈጽሞ እውነት አይመስልም አልኩ። ይህን የለካ ሰው እንጦጦን በፎቶ እንጂ በእግሩ አያውቃትም አልኩ። ጓደኞቼ ሳቁ፤ ሳቅ ደግሞ ለእኔ ቤንዚን ነው። ከየት አመጣሽው አልኳት።

ማርታ መሬት መሬቱን እያየች፣ «ስንጨርስ ላሳይዎት» አለች። እምቢ አልኩ። ምንጩን ጽሑፌ መጨረሻ ላይ ጠቅሼዋለሁ ብትለኝም አልተመለስኩም። ሳይንስ ይሉኝታ አያውቅም፣ አሁኑኑ በጆሯችን እንስማ፣ ፈታኞችሽ እንደኔ አይራሩልሽም ብዬ ደነፋሁ።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ከእርስዎ ነው፣ ጋሽ መስፍን። ካቻምና ካሳተሙት ጥናት።»

ከኋላ ከኳስ አፍቃሪዎቹ አንዱ፣ «በራሱ ላይ አገባ!» ብሎ ጮኸ። ጭብጨባውን አልነግራችሁም።

ያለሁበትን አስቡት እንግዲህ። ቁጥሩ ልክ ነው ብል የገዛ ሥራዬን የማላውቅ ነኝ፤ ጥያቄዬ ልክ ነው ብል ጥናቴ ገደል ገባ። ግን የልጅቷ ፊት ከሁሉም ባሰብኝ። ልትፈተን ስትል በሥራዋ ላይ ጥርጣሬ የዘራሁባት እኔ ነኝ። መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ማርታን ለምኜ እንጦጦ ወጣን። የውሃውን ጀሪካን እኔ ተሸከምኩ፤ ዳገቱ ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። መለኪያውን የብረት ቀለበት አፈሩ ውስጥ ቀብረን፣ ውሃ ሞልተን፣ እስኪሰርግ ቁጢጥ ብለን ጠበቅን። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ተገኘ። በደስታ ይቅርታ ጠየቅኋት።

እሷማ ታውቅ ኖሯል። ከመጥቀሷ በፊት እዚያው መጥታ ራሷ ለክታዋለች። ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ «እርስዎን አላመንኩም ማለት መሰለብኝና አፈርኩ» አለችኝ። ማፈር የነበረበት ማን ሆኖ!

ማርታ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እጄን ማውጣት ፈርቼ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ አዲስ ተማሪ ጠጋ ብሎ፣ ይህን ያህል እያወቁ ሰው እስኪጨርስ በትዕግሥት ማዳመጥዎ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው አለኝ።

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁትና አንገቴን ደፋሁ። ትሑት ሰው እንዲያ አይደል የሚያደርገው?