መጨረሻው እትዬ ዘነበች ጋ ነው

የጠየቃችሁትን መጽሐፍ የማይሰጥ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ቃሊቲ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እትዬ ዘነበች ነበሩን። ልብ ወለድ ስጠይቃቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ፊቴን አዩና ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ መጽሐፍ አወጡልኝ።

"አንተ አሁን ልብ ወለድ አትችልም፤ መጀመሪያ ተረጋጋ" አሉኝ። ሐኪም እንኳ እንዲህ ደፍሮ ያዛል?

ንቦቹን ጨርሼ ስመለስ የፍቅር ልብ ወለድ ተፈቀደልኝ። የመጨረሻ ገጾቹ ግን የሉም። እዚያ ቤት ያሉት ልብ ወለዶች ከሰው እጅ ብዛት አብዛኞቹ መጨረሻቸው ተገንጥሏል፤ መጽሐፉን ስትመልሱ እሳቸው በቃል ይነግሯችኋል።

"ተጋቡ?" አልኳቸው።

"ተጋቡ እንጂ! ሦስት ልጅ ወለዱ።"

ያኔ እጮኛዬ ጥላኝ ከሄደች ገና ወር አልሞላትም ነበር።

ደስ ብሎኝ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ላገኘኋት ጎረቤቴ መጨረሻውን አወራሁላት።

"የምን ጋብቻ? ትታው ሄዳ የራሷን ሱቅ ከፈተች! እትዬ ዘነበች ናቸው የነገሩኝ" ብላ ጮኸችብኝ።

ታክሲው ለሁለት ተከፈለ፤ መጽሐፉን ያላነበበው ሾፌር ሳይቀር ፍርድ ሰጠ። ጎረቤቴ ከባሏ ልለይ አልለይ እያለች ስትጨነቅ የከረመች ሴት መሆኗ ትዝ ያለኝ ከወረድኩ በኋላ ነው።

እትዬ ዘነበች ጡረታ ወጡ። አዲሱ ሠራተኛ ትሁት ነው፤ የጠየቃችሁትን ወዲያው ይሰጣል፤ ቀና ብሎ ፊታችሁን ግን አያይም። ባለፈው ያንን ልብ ወለድ ገጹ ሳይጎድል አገኘሁትና ገዛሁት። መጨረሻው ጋ ስደርስ ግን ከደንኩት።

ደራሲው እኔን የት ያውቀኛል?