ምናባዊው ማሽን ስለምን ተነቀለ

በዘመነ መንግሥቱ ለአዲሱ ራውተር፣ አሮጌው ራውተር በመብረቅ ተመትቶ ካረፈ በሦስተኛው ዓመት፣ ዐቃቤ ፍሬን፣ መካሬ መሪ ጨባጮች፣ ግንብ ሊገጭ የነበረውን ሁሉ ከግንብ የመለሱት፣ ከአፋቸው ከሚወጣው ቃል የተነሣ አገሩ ሁሉ አቶ ቀስ በል የሚላቸው የመኪና መንዳት አስተማሪ፣ በሳሎናቸው ጥግ በዙፋናቸው፣ ማለትም አንድ እግሩ በካርቶን በተደገፈ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ ይህ ታላቅ ነገር ሆነ።

ነገሩም እንዲህ ነው። በሩቅ ያሉ ሊቃውንት የመድኃኒት ቅመም ሲመረምሩ ስሌቱ ቢበዛባቸው፣ በየሰዉ ቤት ሥራ ፈቶ ለሚውለው ኮምፒውተር ሁሉ ቁራሽ ቁራሽ እያደረጉ ያድላሉ፤ ፈቃደኛውም በነጻ አስልቶ ይመልሳል። ቁራሹ ግን እንዲሁ ሜዳ ላይ አይሠራም፤ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንዳለ ተደርጎ፣ በዚያ በሌለው ውስጥ ነው የሚሰላው፤ ስሙም ምናባዊ ማሽን ይባላል። አለ ግን አይሠራም የሚባለውን በየመሥሪያ ቤቱ ስንለምድ ኖረን፣ የለም ግን ይሠራል ሲባል ጊዜ እኛ ጸሐፊዎቹ እንኳ ተገርመናል።

ሠራዊታቸውም ይህ ነበር፤ በር ላይ ደጃዝማች ራውተር፣ ከፊት «ረ» የምትባለው ቁልፉ የወለቀችበት ፊታውራሪ ኪቦርድ፣ በቀኝ ቀኛዝማች ማውስ፣ በግራ ድምፁ የተዘጋው ግራዝማች ስፒከር፣ ከኋላ ደጀን ሆኖ እንደ ወፍጮ የሚጮኸው ማቀዝቀዣ፣ በስልክ ደግሞ የሚስታቸው ወንድም ሞባይል ጠጋኙ፣ በሽታው ምንም ይሁን ምን ፎርማት ይደረግ እያለ የሚያዝ፣ ስለዚህም ሊቀ ፎርማት የተባለ። ማሽኑም በተተከለ ዕለት አቶ ቀስ በል ሳሎን መካከል ቆመው እንዲህ አስነገሩ፦ «ምናባዊ ነው። ምናባዊውን የነካ ከእኔ ጋር ይጣላል።» ይህ ሲነገር ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡት፣ ጆሯቸው ከበድ ያለው እቴጌ አማት ጓዳ ውስጥ ሳህን ያጥቡ ነበር።

ቁራሹ ግን በጀ አላለም። አቶ ቀስ በል ጠዋት አስጀምረውት ወደ ሥራ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ማሽኑ ጠፍቶ ተነሥቶ፣ ስሌቱም ተበላሽቶ ከዜሮ እንጀምር እያለ ይጠብቃቸዋል። ወእምዝ ዘመቻ ወጡ። ሜሞሪውን አውጥተው በላጲስ ጠረጉት፤ አቧራውን በሚስታቸው ፀጉር ማድረቂያ አባረሩት፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ብልጭ ወደሚለው ሰማያዊ ገጽ ዘልቀው ምናባዊውን የሚፈቅደውን ቦታ አጠፉት፣ አበሩት፣ ደግመው አጠፉት፤ ፕሮግራሙንም ነቅለው ጣሉት፣ መልሰው ጫኑት። በነጋታው ያው ነው። ሊቀ ፎርማትም ምክሩን አልለወጠም።

በዚህ ጊዜ ሚስታቸው ወይዘሮ ፋርማሲስት፣ የሚጮኸው ማቀዝቀዣ ራሳቸውን ሲያዞራቸው የሰነበተ፣ በቁጣ ተነሥተው አወጁ፦ «መድኃኒት ስሸጥ ነው የምውለው፤ በሶኬት የሚመጣ አይቼ አላውቅም። እስከ እሁድ ምሳ አንዲት ቁራሽ ካልጨረሰ ይሸጣል፤ ቦታው ላይ ቁም ሳጥን ይቆማል።» ዜና ጸሐፊም ሆድ አለውና እውነቱን እንናገር፤ ሰውዬው አዘኑ። ዕድሜ ልካቸውን ሰውን ቁም፣ ያዝ፣ ቀስ በል ሲሉ ኖረው፣ አንዲት ነገር ከቤታቸው ወጥታ ለማያውቁት በሽተኛ እንድትደርስላቸው ከልብ ተመኝተው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ተስፋቸው ቢሟጠጥ፣ ስልኩን በጆሯቸው አድርገው ለሊቀ ፎርማት ምናባዊው እንዲህ አደረገኝ፣ ምናባዊው እንዲያ አደረገኝ እያሉ በታላቅ ድምፅ ሲያስረዱ፣ እቴጌ አማት የእጃቸውን ውሃ እያራገፉ ከጓዳ ወጡ፤ በሳሎኑም መካከል ቆመው አወጁ፦ «ከመጣሁ ጀምሮ ምናባሽ ስባል እየሰማሁ፣ ልጄን የዳርኩለት ሰው ነው ብዬ ቻልኩ። ዛሬ ግን ደውሎ ለወንድ ልጄም ሰደበኝ። እንግዲህ ይታወቅልኝ፤ ያንን ሶኬት በየቀኑ ነቅዬ የምሰካው እኔ ነኝ። ዛሬም እነቅላለሁ።»

ኧረ ጉድ ነው። ላጲሱ፣ ፀጉር ማድረቂያው፣ ሰማያዊው ገጽ፣ ያ ሁሉ ዘመቻ አመድ ሆነ። አቶ ቀስ በል ምናብ ማለት በሐሳብ የሚታይ እንጂ የማንንም አባት የሚነካ ቃል እንዳልሆነ በትሕትና ቢያስረዱ፣ እቴጌ አማት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ሰው ከተሰደበ በኋላ የሰዋስው ትምህርት የሚሰማበት ጆሮ የለውምና። ሶኬቱ ደግሞ ከእጃቸው ክንድ አይርቅም ነበር።

ወበውእቱ ጊዜ ለአቶ ቀስ በል አንድ ነገር ታየላቸው። በዚህ ሙያ ትልቁ ኮምፒውተር ባለቤት፣ በሆዱ ያለው ደግሞ እንግዳ ተብሎ ይጠራል። ዝቅ ብለው እጅ ነሡና አወጁ፦ «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያ ቃል ከዚህ ቤት ተሽሯል። ከዛሬ ጀምሮ ስሙ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ነውና ሥራውን ሳይጨርስ አይነቀል።» እንግዳ የሚለውን ሲሰሙ የእቴጌ አማት ፊት ተፈታ። እጃቸውን በቀሚሳቸው አብሰው፣ ወንበር ስበው፣ ሶኬቱ አጠገብ ዘብ ተቀመጡ።

እሁድም ሆነ፤ ስሌቱ እየተንፏቀቀ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ወይዘሮ ፋርማሲስት ምድጃውን ሊያበሩ ተነሡ። የዚያ ቤት መስመር ግን ምድጃንና ኮምፒውተርን አንድ ላይ አይሸከምም፤ ሁለቱ ከተገናኙ መብራቱ ድርግም ይላል። እቴጌ አማት ግን ከወንበራቸው ሳይነሡ በገዛ ልጃቸው ላይ አወጁ፦ «እንግዳው ሳይጨርስ ምድጃ አይበራም፤ ምሳ የሚባልም የለም።» ኢያሱ ፀሐይን አቆመ፤ እርሳቸው ምሳን አቆሙ። ወይዘሮዋ እስከ እሁድ ምሳ ብለው ነበርና፣ ምሳ ካልመጣ ቀጠሮውም አልደረሰም፤ የገዛ አዋጃቸው ጠልፎ ጣላቸው። ዳቦና ሙዝ ተበላ፤ እርሱም ምሳ እንዳልሆነ ወዲያው ተደነገገ።

ፀሐይም ወደ መስኮቱ ዘንበል ስትል ስሌቱ አለቀ፤ ቁራሹ ወደ ሊቃውንቱ ሄደ፤ ተቀብለናል የሚል መልስ መጣ። አቶ ቀስ በል ከደስታ ብዛት ግራዝማች ስፒከርን አቀፉት። ወይዘሮዋም የቁም ሳጥኑን ነገር ትተው ምድጃቸውን አበሩ፤ መብራቱም ሄደ። ለካስ ሌላ ቁራሽ በራሱ ጊዜ ገብቶ ሥራ ጀምሮ ኖሯል። እቴጌ አማት እንግዳው አልወጣም ወይ ብለው ቢጠይቁ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው እንደሚገባ፣ ማብቂያም እንደሌለው ተነገራቸው። ጥቂት አስበው ለመንገድ የዘጉትን ሻንጣ ከፈቱና የመጨረሻውን አዋጅ ተናገሩ፦ «እንግዳ የማያጣ ቤት ለእናንተ ጥዬ የት እሄዳለሁ።»

ስለዚህ ለአቶ ቀስ በል፣ ለድል አድራጊ ዘሳሎን፣ ስድብን ወደ እንግድነት ለለወጡት፣ ማሽናቸውን ከሽያጭ ላዳኑት፣ ለማያውቁት በሽተኛ ለደረሱት፣ አማታቸውንም በገዛ አንደበታቸው ላነገሡት ለእርሳቸው ክብርና ምስጋና ይገባቸዋል። ዘመናቸው ይርዘም፤ የእቴጌ አማት ቆይታስ ረዝሟል።