ጋሽ ለምኑ

እጃቸው ሥራ አይፈታም። ግራው የተጣመመ ምስማር በፒንሳ ይይዛል፤ ቀኙ በመዶሻ መታ መታ እያደረገ ያቃናዋል። ገዢ ሲገባ ቀና እንኳ ሳይሉ ይጠይቃሉ፦

«ለምኑ ነው?»

የጠየቁትን ዕቃ የማይሸጥ ባለሱቅ በየሰፈሩ አይጠፋም። የኛው ክቡርነታቸው ግን የሁሉም አለቃ ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ከተረሳ ቆይቷል፤ ሁላችንም ጋሽ ለምኑ እንላቸዋለን። አላልተው ቢያነቡት ጥያቄያቸው ነው። «ም»ን ጠበቅ ቢያደርጓት ደግሞ ትእዛዝ ይወጣዋል፤ እሱም ውሸት አይደለም፣ እዚያ ሱቅ ዕቃ የሚገኘው በልመና ነው።

አንድ ቀን አንድ ባለታክሲ ነጭ ቀለም ሊገዛ መጣ።

«ለምኑ ነው?»

«ለግድግዳ ነዋ ጋሼ! ፊቴን ልቀባው?»

«ግድግዳው ምን ሆነ?»

«እርጥበት በላው።»

«እንግዲያስ ቧንቧህ ያፈሳል። ቀለሙ ይቅርብህ፤ ይችን የቧንቧ ጎማ ውሰድ።»

«ሰው ገንዘቡን ይዞ ይለምናል እንዴ?» እያለ ጎማዋን ይዞ ወጣ።

ሱቁም ጠባዩም የዘር ነው። አባታቸው ሱቁን የከፈቱት የሳሎናቸውን መስኮት አስፍተው ነው ይባላል። እሳቸው በመስኮቱ ምስማር ሲሸጡ ልጆቹ ከኋላ ምሳ ይበላሉ። እያደር ምስማሩ ሳሎኑን ወሰደ፤ ቧንቧው መኝታ ቤቱን ወሰደ፤ ለቤተሰቡ የቀረው ጓዳው ነው፣ እሱንም ጥቅል ሽቦ ይጋራቸዋል። የጋሽ ለምኑ ልጅ ተምራ ስትመለስ «እኔ የተጠየቅኩትን ነው የምሸጠው!» ብላ ምላ ነበር። ሳምንት ሳይሞላት፣ የበር ማጠፊያ የፈለገችን ሴት «ለምኑ ነው?» ስትል በጆሮዬ ሰማኋት። አባትየው ምስማራቸው ላይ አጎንብሰው ፈገግ አሉ።

ባለቤቴ ባረፈ ጊዜ እኔም ወደ ሱቃቸው ሄድኩ። ዓይነ አፋር ነኝ፤ የምፈልገውን በጣቴ አሳይቼ ብወጣ ደስ ይለኛል። ትልቁን መቀርቀሪያ አሳየኋቸው።

«ለምኑ ነው፣ እትዬ?»

«ለበር።»

«በርዎ ቁልፍ የለውም?»

«አለው።»

«ታዲያ ለምኑ ነው?»

ለቀስተኛው ሁሉ አጽናንቶኝ ሄዷል፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

«ብቻዬን ስሆን እፈራለሁ» አልኩ፣ ድምፄ ለራሴም በቅጡ ሳይሰማኝ።

መዶሻው ቆመ። ያ እጅ ሥራ ሲፈታ ያየሁት ያኔ ነው። መቀርቀሪያውን በወረቀት ጠቀለሉልኝና «ሱቁን ስዘጋ መጥቼ እገጥመዋለሁ» አሉ።

አመሻሽ ላይ በሬን አንኳኩ። መሰርሰሪያውን ረስተዋል። ደህንነቴን ጠይቀው፣ በዕለቱ ገዢዎች ወሬ አስቀውኝ፣ «እንግዲህ ነገ» ብለው ሄዱ። በማግሥቱ መሰርሰሪያው ነበር፤ ማሰሪያው ቪቴ ቀረ። ቪቴ ሻጭ ቪቴ ሲያጣ አይቼ አላውቅም! ይኸው ዓመታት አለፉ፤ ሱቁ በተዘጋ ቁጥር በሬ ይንኳኳል። እሳቸው ካልተመቻቸው ልጃቸው ትመጣና «አባባ ነገ እገጥመዋለሁ ብሏል» ትለኛለች። ፍርሃቴ መቼ ጥሎኝ እንደሄደ አላስታውስም።

ሰሞኑን የወንድሜ ልጅ ሊጠይቀኝ መጥቶ የመስኮቱ ደፍ ላይ ያንን የወረቀት ጥቅል አግኝቶ ፈታው።

«አክስቴ! ይሄ መቀርቀሪያ እስካሁን አልተገጠመም? አሁኑኑ ልግጠምልሽ!»

ከእጁ ወስጄ መልሼ ጠቀለልኩት።

«ለምኑ?» አልኩት።