ክብርት አንዴልየው እና ጉበት ያዡ

በየቤተሰቡ ከበር የሚመለስ አንድ ሰው አለ። ሁሉም ጫማውን አጥልቆ፣ ልብሱን ደራርቦ፣ ደጅ ወጥቶ ሲያበቃ «ቆይ፣ አንዴ ልየው» ብሎ የሚመለስ። የሚያየው ምድጃ ሊሆን ይችላል፣ ቧንቧ ሊሆን ይችላል፣ መስኮት ሊሆን ይችላል። «አንዴ» የምትለዋ ቃል ግን ነጭ ውሸት ናት። የሰው ልጅ ከተፈጠረ ጀምሮ እንዲህ ያለ ሰው አንድን ነገር አንዴ ብቻ አይቶ አያውቅም።

ቁልፍ ሠሪው ያገባው የእነዚህን ሰዎች ሁሉ አለቃ ነው። ስም ያወጣላቸውም ራሱ ነው፤ «ክብርት አንዴልየው» ይላቸዋል። እኛም ማዕረጋቸውን አናጓድልም፤ እሳቸውን አንቱ፣ ባልየውን አንተ እያልን እንቀጥላለን። ቤቱም የሚተዳደረው በዚሁ ሥርዓት ነው። ቁልፍ ሠሪው በትዳር ዘመኑ ሁሉ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ክብርትነታቸው አንድ ቀን እንኳ፣ የተዘጋን ነገር «ተዘግቷል» ብለው አምነው እንዲያልፉ።

የቤቱን በር ቁልፍ የገጠመው እሱ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ልቡን ጥሎ የሚተኛው በእሱ ሥራ ነው። ክብርትነታቸው ግን አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ። ይመለሳሉ። እጀታውን ይዘው ይወዘውዙታል፤ ጥቂት ያስቡና ደግመው ይወዘውዙታል። ከዚያ የምሥራች እንደሚያበስር ሰው እየተቻኮሉ ይመጣሉ።

«ተቆልፏል» ይላሉ።

«ማን ቆለፈው?»

«አንተ።»

«ቁልፉን ማን ሠራው?»

«አንተ። ለዚህ እኮ ነው ያየሁት!»

አውቶቡሱ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

የወጥ ቤቱን ነገር ባናነሣው ይሻል ነበር። በዚያ ቤት የተገጣጠመ ነገር ተገጣጥሞ አያድርም። የጁስ መፍጫው ይፈታል፣ የስጋ መፍጫው ይፈታል፣ የፔርሙዙ ክዳን ከነጎማው ይፈታል። «ቆሻሻ የሚደበቀው መገጣጠሚያ ላይ ነው» ይላሉ። መፈግፈጊያውም የጥርስ ብሩሽ ነው፤ የማን የጥርስ ብሩሽ እንደሆነ መገመት አያቅትም። ቁልፍ ሠሪው ጠዋት ጠዋት ብሩሹን ከአፉ በፊት ወደ አፍንጫው የሚያስጠጋው ወዶ አይደለም።

የዚህ ሁሉ ምንጩ መሥሪያ ቤታቸው ነው። ክብርትነታቸው በአንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከኦፕራሲዮን የወጡ መሣሪያዎች ታጥበው፣ ጀርም እንዳይቀርባቸው በእንፋሎት የሚመክኑበት ክፍል ኃላፊ ናቸው። መቀሱም መቆንጠጫውም በእጃቸው ያልፋል፤ ልባቸውን የወሰደው ግን አንዱ ነው። ሐኪሞቹ ሪትራክተር ይሉታል። በቁልፍ ሠሪው ቤት ስሙ «ጉበት ያዡ» ነው። ሆድ ሳይከፈት፣ በትንንሽ ቀዳዳ እየተገባ በካሜራ ኦፕራሲዮን ሲደረግ፣ ሐኪሙ ከሥር ያለውን እንዲያይ ጉበትን ቀና አድርጎ ይይዛል። ሲገባ እንደ እርሳስ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው። ከገባ በኋላ መያዣው ላይ ያለችው ጉጥ ስትጠመዘዝ፣ ጫፉ ላይ የተደረደሩት መገጣጠሚያዎች ይጠብቃሉ፤ ዘንጉ ታጥፎ ጉበቱን እንደ ክንድ ይደግፈዋል። ሥራው ሲያበቃ ጉጧ ትላላለች፣ ዘንጉ ልስልስ ይላል፣ ቀስ ተብሎ ይወጣል። ሳያላላ የሚስበው ሰው ወዮለት! በእርግጥ ወዮታው የሚደርሰው በሽተኛው ላይ ነው።

ቁልፍ ሠሪው ይህን መሣሪያ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ግን በእንቅልፍ ልቡ ሊያጥበው ይችላል፤ እራት በቀረበ ቁጥር ትምህርቱ ይቀርባላ።

«መጀመሪያ ይላላ!» ይላሉ ክብርትነታቸው ማንኪያቸውን ሽቅብ አንሥተው። «ጠብቆ ከታጠበ ደሙ መገጣጠሚያው ውስጥ ይቀራል። እንፋሎቱም አያገኘውም። ከላይ ስታየው ያብረቀርቃል፤ ውስጡ ግን ጉድ ነው።»

«እሺ።»

«ደሙ ሳይደርቅ ነው የሚነከረው። በፈላ ውሃ ደግሞ እንዳይሆን፤ ይጋገርበታል።»

«እሺ አልኩ እኮ። እየበላሁ ነው።»

«ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ፣ ውሃው ውስጥ እንዳለ፣ እያንዳንዷን መገጣጠሚያ! ውስጥ ውስጡን ደግሞ በሲሪንጅ ውሃ እየገፉ፣ የሚወጣው ውሃ ኩልል እስኪል ድረስ...»

እዚህ ላይ ቁልፍ ሠሪው ጉርሻውን ወደ ሳህኑ ይመልሳል። ልጃቸው ግን ከእናቷ እኩል በከንፈሯ እያነበነበች መብላቷን ትቀጥላለች፤ ከሕፃንነቷ የለመደችው ነው።

ነገሩ ሱቁ ድረስ ተከትሎታል። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ የተቀረቀረ ቁልፍ በጉልበት ለመንቀል ሲታገል ባየ ጊዜ፣ «መጀመሪያ ይላላ!» ብሎ ጮኸበት። ከዚያ ሚስቱ ሰምተው እንደሆነ ግራና ቀኝ ተገላመጠ። ያን ቀን ሙሉ ራሱን ታዘበ።

ቁልፍ ሠሪው አንዲት የመከራ ጓደኛ አለችው። በማምከኛው ክፍል ከክብርትነታቸው ሥር የምትሠራ ወጣት ናት፤ እጇ ቀልጣፋ ስለሆነ «ፈጣኗ» ይሏታል። ሌላ ቦታ ቢሆን ቅልጥፍናዋ ያስመሰግናት ነበር። ክብርትነታቸው ዘንድ ግን መፍጠን በራሱ የጥፋት ምልክት ነው። ልጅቷ ጉበት ያዡን አላልታ፣ ነክራ፣ ቦርሻ፣ አለቅልቃ፣ በአየር አድርቃ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ታሳርፈዋለች። ክብርትነታቸው በሁለት ጣት ያነሡታል። በአጉሊ መነጽር ያዩታል፤ ምንም አያገኙም። ምንም አለማግኘታቸው ደግሞ የባሰ ያሳስባቸዋል።

«እስኪ አንዴ ደግመሽ እጠቢው» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ቤትም እንደዚህ ናቸው?» አለችው ፈጣኗ አንድ ቀን፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ሚስቱን ሲጠብቅ አግኝታው።

«ማታ ሳህን አጥቤ ደርድሬ እተኛለሁ። ጠዋት ስነሣ ሳህኖቹ እርጥብ ናቸው።»

«ምሳ ሲወጡ እንኳ አያርፉም እኮ! ኮሪደሩ ላይ ቆመው በመስታወቱ ያዩኛል።»

«መስታወቱንስ አይወለውሉትም?»

«ይወለውላሉ!»

ሁለቱም አንጀታቸው እስኪቆስል ሳቁ። ክብርትነታቸው ከሩቅ ብቅ ሲሉ ግን ሳቁ እዚያው ቀረ።

ታዲያ በዚህ መሐል ቁልፍ ሠሪውን ቀኝ ጎኑን ያመው ጀመር። ምርመራው ሲወጣ ሐሞት ከረጢቱ ጠጠር ሞልቶታል፤ መውጣት አለበት ተባለ። «እንግዲህ ሐሞቴ ከወጣ ካንቺ ጋር በምን ወኔ ልከራከር ነው?» ብሎ ቀለደ። ክብርትነታቸው አልሳቁም። እሱም ብዙ አልሳቀም፤ ምክንያቱም ሐሞት ከረጢት የት እንዳለ ከእራት ትምህርቱ ያውቃል። ጉበት ሥር ነው። ጉበት ያዡ ሊገባበት ነው።

ይባስ ብሎ ደንብ መጣ። በዚያ ሆስፒታል፣ የቤተሰቡ አባል ኦፕራሲዮን የሚደረግ ሠራተኛ በዚያ ሥራ እጁን አያስገባም። ክብርትነታቸው ፈቃድ ውጡ ተባሉ። ጉበት ያዡን የምታጥበው ፈጣኗ ብቻ ሆነች።

ቁልፍ ሠሪው በሕይወቱ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያሳለፈው የስንት ዓመት ትምህርት በአንድ ጊዜ ተመልሶ መጣበት። ከላይ ስታየው ያብረቀርቃል። ውስጡ ግን ጉድ ነው። ሆስፒታል በተኛበት ቀን ልጅቷ እንዴት ፈጣን እንደሆነች ብቻ ሲያስብ ዋለ። ሚስቱን እንዳይጠይቅ ደግሞ አፈረ፤ ስንት ዓመት «ይብቃሽ» ሲላቸው የኖረ ሰው ምን ብሎ ይጠይቅ?

በዚያ ላይ ክብርትነታቸው ጠፉበት። «ብርቱካን ገዝቼልህ ልምጣ፣ ሁለት ደቂቃ» ብለው ወጡ። ብርቱካኑን ተክለው አብቅለው የሚያመጡ እስኪመስል ቆዩ። ሲመለሱ እጃቸው ባዶ ነው።

«ብርቱካኑስ?»

«የለም።»

ቁልፍ ሠሪው ደሙ ፈላ። «የቤቱን በር ልታዪ ነው የሄድሽው! እኔ እዚህ ልሞት ነው፣ አንቺ በር ትወዘውዣለሽ!»

ክብርትነታቸው ብርድ ልብሱን እግሩ ሥር ሸጎጥ ሸጎጥ አደረጉለት። እሱም አኩርፎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

በማግሥቱ ጠዋት በባለጎማው አልጋ ተገፍቶ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ደረሰ። ኩርፊያው መንገድ ላይ ጠፍቷል፤ የሚስቱን እጅ ጭምድድ አድርጎ ይዟል። ሐኪሙ ወጥቶ ሰላም አለው።

«ሁሉ ነገር ዝግጁ ነው፣ ጋሼ። አይዞዎት።»

«ጉበት ያዡስ?»

«ምኑ?»

«ሪትራክተሩን ነው» አሉ ክብርትነታቸው መሬት መሬት እያዩ።

«እሱማ መክኖ፣ ታሽጎ ተቀምጧል።»

«ላልቶ ነው የታጠበው?» አለ ቁልፍ ሠሪው። ሐኪሙ አንዴ እሱን አንዴ ሚስትየዋን አየ። «ይከፈትና ሚስቴ ትየው!»

«የታሸገ አይከፈትም» አሉ ክብርትነታቸው። «ከተከፈተ እንደ አዲስ መምከን አለበት።»

«ይምከን! ምን ቸገረኝ? አንዴ ትየው ነው የምለው! አንዴ ብቻ!»

ያቺ ቃል ከማን አፍ እንደወጣች ከሁሉ ዘግይቶ የገባው ለራሱ ለቁልፍ ሠሪው ነው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ እጃቸውን ግን አልለቀቀም።

«በደንብ ታጥቧል» አሉ ሚስቱ።

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ልጅቷ ጎበዝ ናት።»

«ከመቼ ወዲህ?»

ክብርትነታቸው ሐኪሙን በጎን አዩትና ወደ ባላቸው ጆሮ ጎንበስ አሉ። «ትናንት በመስታወቱ አይቻለሁ። አልገባሁም፤ ኮሪደሩ ላይ ነው የቆምኩት። ስታላላው አየሁ። ስትነክረው አየሁ። እያንዳንዷን መገጣጠሚያ ስትቦርሽ አየሁ።»

«ብርቱካኑ...»

«ብርቱካንማ በር ላይ ሞልቷል።»

ቁልፍ ሠሪው ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ልጅቷስ አየችሽ?» አለ።

«መጨረሻ ላይ ቀና ስትል አየችኝ።»

«ምን አለች?»

«ምንም። መልሳ ነከረችውና ከመጀመሪያው ጀምራ ደግማ አጠበችው።» ትንሽ አሰቡ። «እኔ እኮ ምንም አላልኳትም።»

«በሉ እንግባ» አለ ሐኪሙ። አልጋው ተገፋ፤ ክብርትነታቸውም አብረው ተጎተቱ። ቁልፍ ሠሪው ይህን ሁሉ ሰምቶም ጣቶቹ እንደጠበቁ ናቸው። እሳቸው በሌላኛው እጃቸው የባላቸውን ግንባር ዳበስ አደረጉት።

«መጀመሪያ ይላላ» አሉት ቀስ ብለው።

ጣቶቹን አንድ በአንድ አላላ። አልጋው ገባ፤ በሩ ከኋላው ተዘጋ።

ወዲያው እጀታው ከውጭ ተወዘወዘ። ጥቂት ዝም አለ። ደግሞ ተወዘወዘ።

«ማነው በሩን የሚነካካው?» ብላ ማደንዘዣ የምትሰጠው ሲስተር ተቆጥታ ተነሣች።

«ባለቤቴ ናት፤ መዘጋቱን ልታይ ነው» አላት ቁልፍ ሠሪው። ፍርሃቱ የት እንደገባ ራሱም አላወቀም። «ተያት እባክሽ፤ ትየው።»