ለእህቴ ሽማግሌ ላክሁ፤ ካፒቴን እንድትሆን

ዛሬ ምን ሆኜ እንደዋልኩ ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ አታምኑኝም። የቀራችሁት የደባርቅ ሰዎች ግን በዓይናችሁ አይታችሁኛል!

አዎ። ያ ግቢያችን ውስጥ በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ ያያችሁት ሰውዬ እኔ ነኝ።

ሰው አልገደልኩም! ኢንቦክስ እየገባችሁ «የደም እርቅ ነው እንዴ?» የምትሉኝ፣ እባካችሁ ተረጋጉ። ነገሩ የአውሮፕላን ጉዳይ ነው።

ቆይ ላስረዳችሁ። መምህር አይደለሁ? ሳላስረዳ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ትርንጎ የምትባል ታላቅ እህት አለችኝ። አውሮፕላን አብራሪ ናት። ሰፈሩ በሙሉ «ካፒቴን ትርንጎ» ይላታል። እማዬ «ካፒቴኗ ልጄ» ሳትል ዐረፍተ ነገር አትጀምርም። አንድ ቀን ከዳባት ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ የማላውቀው ሰው ስለ እህቴ አወራልኝ፤ «ካፒቴኗ የኛ አገር ልጅ ናት» እያለ!

ችግሩ ምን መሰላችሁ?

ካፒቴን አይደለችም።

ረዳት አብራሪ ናት። አውሮፕላኑን ታስነሳለች፣ ታበራለች፣ ታሳርፋለች። የመጨረሻው ቃል ግን የካፒቴኑ ነው። እሷ «ኧረ እኔ ገና ነኝ» ብላ ስንት ጊዜ ተናግራለች። ማን ይስማት? ደባርቅ አንዴ ማዕረግ ከሰጠ መልሶ አይቀበልም።

ታዲያ በዚህ ሳምንት ለእረፍት መጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም። ስጠይቃት ነገረችኝ። መሥሪያ ቤቷ «ተራሽ ደርሷል። የካፒቴንነት ኮርስ ትገቢያለሽ ወይስ ባለሽበት ትቆያለሽ? እስከ እሁድ ማታ አሳውቂን» ብሏታል።

እሁድ ማለት ዛሬ ነው!

እኔ ከመቀመጫዬ ዘልዬ «እንኳን ደስ አለሽ!» ስላት፣ እሷ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«ላስብበት።»

ላስብበት?!

እርግጥ ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ትርንጎ አሁን ከረዳት አብራሪዎቹ ነባሯ ናት። የምትበርበትን መስመርም የእረፍት ቀኗንም ቀድማ ትመርጣለች። ካፒቴን ስትሆን ግን ከካፒቴኖቹ ሁሉ ጀማሪዋ ትሆናለች። ሌላው መርጦ የተረፈውን መስመር፣ የተረፈውን የበዓል ቀን ትወስዳለች። በኛ በመምህራን ቋንቋ ስናስቀምጠው፣ ነባር ሆኖ የጠዋት ፈረቃ ሲያስተምር የነበረ ሰው የአርብ ከሰዓትን የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ በፈቃዱ ሲቀበል ማለት ነው። በዚያ ላይ ኮርሱ ከባድ ነው፤ ይጥላል። እምቢ ካለች ደግሞ ተራው ለሌላ ያልፋል፣ መቼ ዞሮ እንደሚመጣም አይታወቅም።

ይሄ ሁሉ ገብቶኛል። ግን መጨረሻ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እውነቱን ልንገርህ? እፈራለሁ» አለችኝ።

ምኑን እንደምትፈራ አልጠየቅኳትም።

ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል። ሰው «እፈራለሁ» ሲለኝ እኔ ወዲያው የሚታየኝ መፍትሔ ነው።

መፍትሔዬስ? ሽማግሌ!

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ሽማግሌ ለጋብቻ ይላካል፣ ለእርቅ ይላካል። ለሥራ እድገት፣ ያውም ለገዛ እህት ተልኮ ያውቃል? አያውቅም። እኔ ግን «እሺ ካልተባለ የማይቀመጥን ሽማግሌ ማን ደፍሮ እምቢ ይለዋል?» ብዬ አሰብኩ። ጎበዝ አይደለሁም?

ሦስት አባቶች መረጥኩ። የነፍስ አባታችንን አባ ሞላን፤ ገበያው ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡትን ጎረቤታችንን ሐጂ ኑሩን፤ ከደባርቅ እስከ መካነ ብርሃን ከተማ ጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው በቅርቡ ሥራ ያቆሙትን ጋሽ አበጀን። ትናንት ሐጂ ሱቅ ሰብስቤ ሥርዓት ያለው ብሪፊንግ ሰጠኋቸው።

«ታዲያ ይህን የመሰለ እንጀራ ቀርቦላት ምን ሆና ነው?» አሉ ጋሽ አበጀ።

«ምን ትሆናለች? ፈሪ ሆና ነው» አልኳቸው።

ይቺን ቃል ያዙልኝ።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱም ነጭ በነጭ ለብሰው፣ በትራቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። እማዬ በር ላይ ስታያቸው ፊቷ እንደ መስቀል ደመራ በራ።

«ግቡ! ግቡ! ተቀመጡ እንጂ!»

«እሺ ሳንባል አንቀመጥም» አሉ አባ ሞላ።

እማዬ ክንዴን ቆንጥጣ በሹክሹክታ «የማን ልጅ ነው?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ነገሩ እንደሱ አይደለም…»

«ዝም በል! ሥራውስ ምንድን ነው?»

ሐጂ ኑሩ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና «የመጣነው በካፒቴን ጉዳይ ነው» አሉ።

«ካፒቴን ነው?! እሰይ!»

እልልታዋን ለቀቀችው። እልልታ ደግሞ አጥር አያግደውም። ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን እያጣፋ ወደ ግቢያችን መጣ።

«አይ እመቤት» አሉ ጋሽ አበጀ። «እኛ የምንለው ራሷ ትርንጎ ካፒቴን ትሁን ነው። ረዳትነቱ ይበቃታል።»

እልልታው መሃል ላይ ተቆረጠ።

«ረዳት? ልጄ ረዳት ናት? እንደ ሚኒባስ?»

«እኔ እንኳ ረዳት ሆኜ ብዙ ሳልቆይ ነው መሪ የጨበጥኩት» ብለው ጋሽ አበጀ ጨመሩበት።

ትርንጎ እኔን አየችኝ። አስተያየቷን አልገልጸውም፤ ልጆችም ይህን ገጽ ያነባሉ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ ይበርድ ነበር። ግን እኔ ዝም እላለሁ? ሁለት ወንበር አምጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ሁለቱም አብራሪዎች ናቸው። ይሄ የካፒቴኑ፣ ይሄ የረዳቱ ወንበር ነው። ትርንጎ አሁን የምትቀመጠው እዚህ፣ በቀኝ በኩል ነው። ካፒቴን ስትሆን ወደ ግራ ትሻገራለች ማለት ነው።»

አባ ሞላ ቀና አሉ።

«ቆይ። አሁን በቀኝ ናት?»

«አዎ፣ አባ።»

«እና እኛ ከቀኝ አንስተን ወደ ግራ ልናሻግራት ነው የመጣነው?»

«አባ፣ ይሄ እኮ የአውሮፕላን…»

«ዛሬ ጠዋት ሕዝቡን በቀኙ ያቁማችሁ ብዬ ነው ያሰናበትኩት! እኔ የለሁበትም» ብለው ቁጭ አሉ። በቀኙ ወንበር ላይ!

«በኛም ዘንድ የሚመረጠው ቀኝ ነው። በዚህስ ከአባ ጋር አንድ ነን» ብለው ሐጂ ኑሩም ተቀመጡ። ከአባ ሞላ በስተቀኝ።

ጋሽ አበጀ ብቻቸውን ቆመው ቀሩ። «ኧረ እናንተ ሰዎች! የመኪና መሪ በየት በኩል ነው? በግራ አይደለም? ዕድሜዬን ሙሉ በግራ ተቀምጬ ይኸው ሲኦል አልገባሁም!»

«ገና ነህ» አሉ ሐጂ።

ትርንጎ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም «ተመስገን፣ በሳቅ ሊያልቅ ነው» ብዬ ነበር። እሷ ግን እንባዋን ጠርጋ ተነሳች።

«አባቶቼ፣ እኔን ያስፈራኝ ግራው አይደለም። ጎንደር ላይ ደመናው ሲወርድ፣ የተሳፈረው ሰው ሁሉ ለበዓል ቤቱ ሊገባ ቸኩሎ ሳለ፣ ‹አናርፍም፣ እንመለሳለን› ብሎ የሚወስነው በግራ ያለው ነው። እኔ ከቀኝ ሆኜ ያየሁትን እናገራለሁ። እሱ ሲወስን ግን እፎይ እላለሁ። ያ ሁሉ ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ እምቢ ማለት እችል እንደሆነ አላውቅም። ሳስብ የሰነበትኩት ይህንኑ ነው።»



እኔም ይህን ስሰማ ገና የመጀመሪያዬ ነበር። አልጠየቅኳትም ብያችሁ የለ?

«ትችያለሽ ልጄ» አሉ ጋሽ አበጀ። «በይ አሁን እሺ በይኝ። እሺ ሳትዪኝ አልቀመጥም።»

ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በትራቸውን ተደግፈው ግድግዳው ጋ ተጠግተዋል። ዶሮ ወጡ ቀርቦ ይቀዘቅዛል፤ ለሐጂ ለብቻ የተሠራው ሽሮም እንዲሁ። እማዬ በዓይኗ ትለምናለች። ጎረቤቱ በር ላይ አንገቱን አስግጓል። ሁላችንም የትርንጎን አፍ እንጠብቃለን።

«አይ፣ ጋሽ አበጀ» አለች። «ቆመው ስለጠበቁኝ ብዬ እሺ አልልም። እግርዎን ያምዎታል፣ ይቀመጡ። ባይቀመጡም መልሴ ይኸው ነው።»

እማዬ በነጠላዋ አፏን ያዘች። የቆመ ሽማግሌ እምቢ ሲባል እሷም አይታ አታውቅም፣ እኔም አላየሁም!

ጋሽ አበጀ ትርንጎን አዩዋት። ደግመው አዩዋት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ መምህር፣ ይቺን ነው ፈሪ ናት ያልከን?»

ወይኔ!

«ፈሪ ነው ያልከኝ?» አለች ትርንጎ።

ወይኔ፣ ወይኔ!

ከዚህ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ሲረዝም ያመኛል። እኔ የላክኋቸው ሽማግሌዎች እኔው ላይ ለዳኝነት ተቀመጡ። «እህትህን ሳትጠይቅ ላክኸን፣ በእናቷ ፊት አሳፈርካት፣ ስሟንም አጠፋህ» አሉ አባ ሞላ። ድንጋይ ተሸክመህ እግሯ ላይ ውደቅ ተባልኩ። ድንጋዩን ከግቢ የመረጡት ሐጂ ኑሩ ናቸው፤ እንደ ጨርቅ እያገላበጡ። ትንሽ ድንጋይ ግቢያችን ውስጥ ሞልቷል። አልታያቸውም!

ለሠርግ ወሬ የመጣው ጎረቤት እኔን ተደፍቼ አየኝ። አንዷ «ምን አጥፍቶ ነው?» ስትል ሌላዋ «እንጃ፣ ሲያስረዳ ነው አሉ» ስትላት ሰማሁ።

«እታለም፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ትንሽ ይቆይ» አለች።

ትንሽ አይደለም የቆየሁት! በመጨረሻ «በል ተነስ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» አለችኝና ጋሽ አበጀም ተቀመጡ። ተበላ፣ ተመረቀ፣ ሽማግሌዎቹ እየሳቁ ወጡ። የሚስቁት በማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ወደ ማታ ግድም ግቢ ስወጣ ትርንጎ ኔትወርክ የሚይዝበት ጥግ ቆማ ስልኳ ላይ ትጽፋለች።

«ምን ብለሽ መለስሽላቸው?»

«እሺ ብዬ።»

«ቅድም እኮ እምቢ ብለሻል!»

«እምቢ ያልኩት ለናንተ ነው» አለችኝ። «ሽማግሌ ቆሞ፣ የነፍስ አባቴ እያዩኝ፣ እማዬ ልታለቅስ ደርሳ፣ ጎረቤት በር ላይ ተኮልኩሎ፣ ወጡ እየቀዘቀዘ። አይ ስል ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ከናንተ የባሰ መንገደኛ ከየት ይመጣል?»

አቀፍኳት! እርግጥ ኮርሱ ገና ነው፣ ፈተናውም ገና ነው። «ካፒቴን ብለህ እንዳትጽፍ» ብላ አስጠንቅቃኛለች፤ ይኸው አልጻፍኩም። እማዬ ግን «ድሮም ካፒቴን ናት፣ መምህሩ ነው የተሳሳተው» እያለች ሰፈሩን አዳርሳለች።

እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ «እንግዲህ ሽማግሌ መላኬ ጠቀመ ማለት ነው» ልል አፌን ስከፍት፣

«አንተስ?» አለችኝ። «ምክትል ርዕሰ መምህር ሁን ሲሉህ ምን አልካቸው?»

እሺ። ይህን አልነገርኳችሁም።

ትምህርት ቤታችን ቦታውን ውሰድ ካለኝ ሰንብቷል። እኔም «ላስብበት» ማለት ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። ለምን አትሉኝም? ማስረዳት እወዳለሁ፤ ያረፈደ ባልደረባዬን መቆጣት ግን ከየት አባቴ ላምጣው? ለእህቴም ለእናቴም ትንፍሽ አላልኩም ነበር። የነገሯት ሐጂ ኑሩ ናቸው። ለሐጂ ማን ነገራቸው? ደባርቅ ነዋ!

ይህን እየጻፍኩላችሁ ሳለ ስልኬ ጠራ። ጋሽ አበጀ ናቸው።

«ነገ ከሥራ መልስ ቤት ነህ አይደል? ሦስታችንም እንመጣለን። ጉልበቴ ደህና ነው፤ እስክትመልስልን እቆማለሁ።»

ትርንጎ አጠገቤ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፦ ሽማግሌ ቆሞ እየጠበቀ «አይ» የሚባለው በየትኛው ቃል ተጀምሮ ነው?