የአባዬ ጠገራና ብረት አትይ የተባለችው ማሽን

ላይቩን ያያችሁ ሰዎች፣ በእናታችሁ ኮመንት ላይ አትቅደሙኝ። ውርደቴን ራሴው ልናገር!

ላላያችሁ፦ ዛሬ አዋሽ ከተማ፣ በገዛ አባቴ ግቢ፣ ሦስት መቶ ምናምን ሰው በስልክ እያየኝ ጉድ ሆኛለሁ።

ወገቤ ቅንጥስ ብሏል እንጂ ደህና ነኝ።

ከስሩ ልጀምር።

አባቴ ጋሽ መኮንን የትራክተር መካኒክ ነበር። በስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ የአዋሽ ሸለቆ በጥጥ ነጭ በነጭ በሆነበት ዘመን፣ ከሸዋ ወርዶ አንዱ እርሻ ላይ ተቀጠረ። ደሞዙን በወረቀት ይቀበልና ገበያ ወጥቶ ከአፋር ከብት ነጋዴዎች ጠገራ ብር ይገዛበት ነበር። «ወረቀት ምስጥ ይበላዋል። ጠገራን የነከሰ ምስጥ ግን ጥርሱ ይረግፋል» ይላል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። እርሻው ተወረሰ። አባዬም ነገሩ አላማረውምና ጠገራውን በቆርቆሮ አድርጎ ግቢው ውስጥ ቀበረው። ምልክቱ አጥሩ ጥግ የቆመች ኒም ዛፍ ነበረች።

ዛፏ ተቆረጠች። አጥሩንም አንድ ክረምት ጎርፍ ወሰደው፤ ሲሠራ በግምት ተሠራ። ምልክት የለ፣ ወሰን የለ!

ይሄን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሰማነው አትጠይቁኝ። በቤታችን «የአባዬ ጠገራ» ማለት ተረት ተረት ማለት ነው። አባዬ «በዚያን ጊዜ እርሻው ላይ...» ብሎ ሲጀምር አንዱ ስልክ ይደወልለታል፣ አንዱ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ እኔ ሳህን ላጥብ እነሳለሁ። እንግዳ ብቻ ነው አፉን ከፍቶ የሚሰማው።

ችግሩ የመጣው ባለፈው ወር ነው።

እናታችን ካረፈች ወዲህ አባዬ ብቻውን ነው የሚኖረው። ታላቅ ወንድሜ ታዴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀው ቢመጣ፣ በስድስት ሰዓት ፀሐይ፣ በዚያ በአዋሽ ፀሐይ፣ ባርኔጣ እንኳ ሳያደርግ ግቢውን ሲቆፍር ያገኘዋል። ሦስት ጉድጓድ!

«አበቃ፣ አባዬ ጃጅቷል» አለኝ ደውሎ። «ሌላ ጊዜ ፀሐይ መትቶት ከምናገኘው እኔ ጋ ይኑር።»

ነገ እሁድ መኪና ይዞ ሊወስደው ነው የሚመጣው። ዕቃው ሁሉ ታስሯል።

አባዬ ግን ከአዋሽ መውጣት አይፈልግም። አልጮኸም፣ አልተጣላም። ስልክ ላይ «እዚህ እኮ ሰው ሁሉ ያውቀኛል ወይኒ» ነው ያለኝ።  

እኔ የምሠራው ሰመራ ነው። ቢሮ ቁጭ ብዬ እየተብሰለሰልኩ ሳለ ብልጭ አለልኝ። ጠገራው ከተገኘ እኮ አባዬ አልጃጀም! የቆፈረው የሚያውቀውን ነገር ነው ማለት ነው!

እግዜር ይስጠው፣ በረሃ ለበረሃ ወርቅ የሚፈልግ አንድ ወዳጅ አለኝ። ብረታ ብረት የሚለይ ዲቴክተሩን ለምኜ ተዋስኩትና ትናንት አውቶቡስ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፌው መጣሁ። ገዋኔ ላይ ለምሳ ስንወርድ እንኳ አልተውኩትም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «እህት፣ የጣራ መጥረጊያ ነው?» አለኝ።

አሁን እውነቱን ልናዘዝ። ለአባዬ ብዬ ብቻ አይደለም። «ላይቭ ብገባ ስንት ሰው ያየኝ ይሆን» የሚል ነገርም ነበረበት። አትፍረዱብኝ!

ዛሬ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይነሳ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬን አጥር ላይ አስደግፌ ላይቭ ገባሁ። ፀጉሬን ሁሉ ተሠርቻለሁ። ማሽኑን አበራሁት።

ጩኸት!

አንድ እርምጃ፣ ጩኸት። ሌላ እርምጃ፣ ጩኸት። ግቢው እኮ የመካኒክ ግቢ ነው፤ የሃምሳ ዓመት ብሎንና ምስማር፣ ሽቦና ኩሽኔታ መሬቱ ውስጥ ሞልቷል።

ማኑዋሉን ገለጥኩ። አርባ ምናምን ገጽ ነው። አንድ ገጽ አነበብኩ። ማሽኑ ስክሪን ላይ የምስማር ሥዕል አለ፤ እሱን ስትነኩት ላዩ ላይ ኤክስ ይደረግበታል፣ ማሽኑም ከዚያ ወዲያ ብረትን እንዳላየ ያልፋል። ነካሁት።

ጸጥ!

ወደ ካሜራው ዞሬ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ጓደኞቼ፣ ቴክኖሎጂ ማለት ይሄ ነው!»

አባዬ ከኋላዬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ወይኒ፣ ብረቱን አትይ ካልሻት እኮ...» አለ።

«አባዬ፣ አንተ አረፍ በል! ጠገራ እንጂ ምስማር አይደለም የምንፈልገው!»

በላይቭ። ጮክ ብዬ። አባቴን።

አረፈ።

ከዚያ ፍለጋው ተጀመረ። መጀመሪያ ጢው ሲል እልል ብዬ ቆፈርኩ። የአልሙኒየም ማንኪያ። አባዬ ተቀብሎ አገላበጠውና «ይቺ እናትሽ ሠራተኛዋን ያባረረችባት ማንኪያ ናት። ምስኪን፣ አልወሰደችም ነበር» አለ። ሁለተኛው የጥርስ ሳሙና ቱቦ ነበር። ሦስተኛው የቢራ ጣሳ። አራተኛው ሌላ የቢራ ጣሳ።

ታዴ ላይቩ ውስጥ ገብቶ ኖሮ ኮመንት ጻፈ፦ «ተዪው በቃ። ሽማግሌውን አታድክሚው።» አሥራ አምስት ሰው ላይክ አደረገው!

አራት ሰዓት ሆነ። ሙቀቱ ከላይም ከታችም መጣ። የተሠራሁት ፀጉር ግንባሬ ላይ ተጣበቀ። ግቢውን ሁለቴ ጨርሼዋለሁ፣ ጠገራ የለም።

ማሽኑ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ልሞክረው አልኩ። አዲሱን ሃምሳ ሳንቲም መሬት ላይ አስቀመጥኩና ማሽኑን ከላዩ አሳለፍኩ።

ዝም።

ደግሜ አሳለፍኩ። ዝም! ዓይኔ እያየው ያለ ሳንቲም! ማሽኑ ያላገኘው ቀብሬው አይደለም፣ ፊቱ አስቀምጬለት ነው!

እዚህ ጋ ሰው ሁሉ መሐንዲስ ሆነ። ኮመንት ላይ «አጥፍተሽ አብሪው» ተባልኩ፤ አደረግሁት። «ባትሪው ነው» ተባልኩ። ጎረቤታችን ፋጡማ ፍየሎቿን ስታጠጣ በአጥር እያየችን ትስቅ ነበር፤ ሮጣ የእጅ ባትሪዋን ድንጋይ አውልቃ ሰጠችኝ። ምንም። «ሞቆት ነው ወላሂ፣ ጥላ ውስጥ አስተኚው» አለች። እኔም አስተኛሁት። እርጥብ ፎጣ አለበስኩት። ምን ልበላችሁ፣ ሰው ሲጨንቀው ማሽን ያስታምማል! የማሽኑ ባለቤት ጋ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው፤ በረሃ ወርዷል።

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። አዎ፣ በላይቭ። ለማሽኑ አይደለም። በረንዳው ላይ የታሰሩትን የአባዬን ሻንጣዎች አይቼ ነው።

አባዬ ከበርጩማው ተነሳ። ቤት ገብቶ ከአሮጌ ስፒከር የነቀላትን ክብ ማግኔት ይዞ ወጣ። ሃምሳ ሳንቲሙን ከመሬት አነሳና ማግኔቱን አስጠጋው።

ልጥፍ!

«ይሄ ሳንቲም ሆዱ ብረት ነው» አለ። «የዛሬ ሳንቲም ላዩን ነው የሚቀቡት። ማሽንሽን ብረት አትይ ብለሻት የለም? ታዲያ ምን ታድርግ?»

ቀጥሎ ወደ ፋጡማ ዞረ። «እስቲ የኔ ልጅ፣ ያቺን የብር አምባርሽን።»

ፋጡማ አምባሯን አውልቃ መሬት ላይ አስቀመጠች። ማሽኑን አሳለፍኩት። ጢውውውው! ፍየሎቹ ደነበሩ።

«ማሽንሽ ደህና ናት» አለ አባዬ።  

«እሺ፣ ታዲያ ጠገራውን ለምን አላገኘችውም? ጠገራ እንደ አምባሩ ብር አይደል?»

«በግራሶ ቆርቆሮ ነዋ ያስቀመጥኩት። ከላዩም የማረሻ ዲስክ ደፋሁበት፣ ውሃ እንዳይገባው። ያን ሁሉ ብረት ለብሶ፣ ብረት የማታይ ማሽን በየት በኩል ታየው?»

የማረሻ ዲስክ! ትራክተር የሚጎትተው፣ ትልቅ ትሪ የሚያክለው ብረት! ሰው ጥብስ የሚጠብስበት!

«አባዬ! ይሄን መቼ ነገርከን?»

«ሁልጊዜ» አለኝ ረጋ ብሎ። «እሱ መጨረሻው ላይ ነው። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ትነሳላችሁ።»

 

ኤክሱን አነሳሁት። ግቢው እንደገና መጮህ ጀመረ። አሁንስ ከዚህ ሁሉ ብሎን መሀል ዲስኩን በምን ልለይ? አባዬ ከማሽኑ ጋር የመጣውን ሄድፎን ሰካና ጆሮው ላይ አጠለቀው። ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው! «ምስማር አጭር ይጮሃል፤ ትልቅ ብረት ድምፁ ረጅም ነው» አለ። ዕድሜውን ሙሉ ሞተር እያዳመጠ የት ጋ እንደታመመ ሲናገር የኖረ ሰው ነው። እኔ ማሽኑን ያዝኩለት፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ከጎኔ ተራመደ።

አጭር። አጭር። አጭር። አጥሩ ጋ ስንደርስ ድምፁ ረዘመ፤ አባዬ እጁን አነሳ።

«ወደ ወዲያ ነው።»

ወደ ወዲያ ማለት የፋጡማ ፍየሎች በረት ነው!

ፋጡማን እንዴት ብዬ ነው የምለምናት ብዬ ሳልጨርስ እሷ ፍየሎቿን ማስወጣት ጀምራለች። «አጥሩን ያሠሩት የኔ አባትና እሳቸው ናቸው፣ በገመድ እንኳ ሳይለኩ። ግቡ ቆፍሩ! ብቻ ጉድጓዱን ድፈኑልኝ፣ ፍየል እግሯን ትሰብራለች» አለች።

ገባን። አባዬ ቆመ፣ አዳመጠ፣ በተረከዙ መሬቱን መታ። «እዚህ።»

ፋጡማና እኔ እየተቀባበልን ቆፈርን። የፍየል በጠጥ እንዴት እንደሚሸት አልነግራችሁም። ክንድ ያህል እንደገባን አካፋው ቋ አለ።

ዲስኩ! ዝጎ፣ ቀልቶ፣ ግን እንደተደፋ። ከሥሩ ቆርቆሮው። ክዳኑን አባዬ ራሱ በመፍቻ አነሳው። ግራሶው ጠቁሮ ጠጥሯል፤ ጣቱን ሰደደና አንድ ጠገራ አወጣ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። አበራ።

«ማሻአላህ!» አለች ፋጡማ። እኔ ደግሞ እንደገና አለቀስኩ፤ የዛሬን ዕንባ ትክክለኛ ቦታ ላይ ያዋልኩት ያኔ ነው።

ስንት ነው አትበሉኝ፣ አልናገርም። አባዬም አልቆጠረውም። ጠገራዋን ለካሜራው ከፍ አድርጎ አሳየ፤ ለማን እንደሚያሳይ አውቄዋለሁ።

ወዲያው ስልኬ ጠራ። ታዴ ነው፤ ድምፁ ልክ አይደለም። «አባዬን አገናኚኝ» አለኝ።

አባዬ ስልኩን በግራሶ እጁ ተቀበለ። ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ «ነገማ ና» አለ። «እጠብቅሃለሁ፣ በግ አሳርዳለሁ። ግን ልጄ፣ ስትመለስ መኪናህ ባዶ ነው።»

ታዴ ምን እንዳለ አልሰማሁም። አባዬ ግን ስልኩን ዘግቶ በረንዳው ላይ ያሉትን ሻንጣዎች ገመድ ይፈታ ጀመር።

እና ይኸው፣ ማታ ነው፣ ጉልበቴ ድረስ የፍየል በረት ሸትቼ ይሄን እጽፋለሁ። ማኑዋሉን አሁን አነበብኩት። አራተኛው ገጽ ላይ አባዬ ያለው ነገር ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ባላነበው ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ነገ ማለዳ ወደ ሰመራ የምመለስበትን ትኬት ቆርጬ ነበር። አስለወጥኩት። ታዴ ሲመጣ አባዬ ታሪኩን ከስሩ ሊተርክለት ነው፣ እኔም ሳህን ላጥብ አልነሳም ብዬ ምያለሁ።

ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የአባቴን አንድም ታሪክ እስከ መጨረሻው ሰምቼ አላውቅም። እስቲ አስቡት፣ ሌላ ስንት ነገር ነግሮን ይሆን?